የእህት ልጅ ሆኜ የተከራየሁት ቤት

«እኔ አንቺን መቼ ወለድሁሽ?»

እንዲህ ያሉኝ ሴትዮ ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም፤ እኔም አላውቃቸውም። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ አንድ የቆርቆሮ በር ላይ ቆመው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው ያሉኝ። ልብስ እያጠብሁ ስለነበር እጄ እስከ ክርኔ የሳሙና አረፋ ነው። ሰው እንዲህ ሲባል ምን ይመልሳል?

ነገሩን ሰሞኑን የቀሰቀሰብኝ አዲሱ አከራዬ ነው። ግሽ አባይ በኩል አንድ ክፍል አለ ብሎ ደላላው ወስዶ አገናኘኝ። ልጁ ከአባቱ የወረሰውን ቤት የሚያከራይ፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣ ስልኩን ከእጁ የማያስቀምጥ ነው። ተነጋገርን፣ ተስማማን። ቁልፉን ሊሰጠኝ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «መዝጋቢ ምናምን ከመጣ ብቻ፣ የእህቱ ልጅ ነኝ በይ» አለኝ። «አንተን የሚያህል አጎት ይዤ ሰው ፊት ልቁም? ይልቅ አንተ የእህቷ ልጅ ነኝ በል» አልሁት። ደላላው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። «ያው እንደሚባለው ለማለት ነው» አለ። ክፍሉ አዲስ ኖራ ተቀብቶ ስለነበር ያ ቀዝቃዛ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ አለው። ከሽታውና ከልጁ ቃል የትኛው እንደቀደመ እንጃ፣ ብቻ ቁልፉን በእጄ እንደያዝሁ የእትዬ ይታይሽ ግቢ ውስጥ ገብቼ ተገኘሁ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለትዝታ ገና ልጅ ነሽ የሚለኝ ይኖራል፤ ይበል። ተከራይ በአንድ ዓመት ሁለት ዓመት ነው የሚያረጅ። ባሕር ዳር ውስጥ የገባሁባቸውንና የወጣሁባቸውን ቤቶች ስቆጥር መሃል ላይ ይጠፋብኛል። ያኔ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቱ ወደ መሰናዶ ሳያስገባኝ ቀርቶ፣ ከዳንግላ መጥቼ ሐይቁ አጠገብ ካለ ጭማቂ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ለዓመት ሰነፍ ነኝ። ዋጋ ከሆነ ጠይቁኝ። አንድ ብርጭቆ አቮካዶ ላዩ ላይ ቀይ ሽሮፕ ፈሶበት፣ ሎሚ ተቆርጦለት፣ ስድስት ብር ነበር። ባጃጅ ከጭማቂ ቤቱ እስከ ሹም አቦ ሁለት ብር፤ ሹፌሩ የአገርሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ «ተዪው» ይልሽ ነበር። ጥብቅ ሱሪ ላይ እስከ ጭን የሚደርስ ቦዲ፣ ወገብ ላይ የሰፋ ቀበቶ፤ ይህ ልብስ የሌላት ልጅ በዋናው መንገድ ዘንባባ ሥር ለመሄድ ታፍር ነበር። እኔ ቀበቶው ብቻ ነበረኝ፤ እሱንም በሁሉም ነገር ላይ እታጠቀው ነበር፣ በነጭ ቀሚስ ላይ ሳይቀር። ባጃጁ ሁሉ አንድ ዘፈን ነበር የሚዘፍን፤ ዘፈኑ ስለ አንዲት ልጅ ዓይን ነው፣ ጠዋት ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ማታ ነበር የሚወጣ። አሁን ማንም አያስታውሰውም። እኔ ማንጎ ስልጥ ብቻ ይመጣብኛል።

ከእትዬ ይታይሽ ቤት በፊት ከሁለት ቤት ወጥቻለሁ። ከሁለቱም ያስወጡኝ በአንድ ዓይነት ቃል ነው፤ «የእህቴ ልጅ ልትመጣ ነው።» የባሕር ዳር አከራይ ሁሉ እህት አለው። እህቶቹም ሁሉ ሴት ልጅ አላቸው። ልጆቹም ሁሉ ኪራይ በሚጨመርበት ወር ይመጣሉ። አከራዩ «ጨምሪ» ማለት ይከብደዋል፤ ነውር ነው። ስለዚህ ልጅቱን ከሩቅ አገር ይጠራታል። አንቺ ገብቶሽ «ስንት ላድርግልዎ?» ካልሽ ልጅቱ መንገድ ላይ ትቀራለች። ካልገባሽ ፍራሽሽን ትሸከሚያለሽ። በመጀመሪያው ቤት አልገባኝም ነበርና «የት ነው የምትማር? እንግዲያውስ አብረን እንደር፣ ክፍሉ ለሁለት ይበቃል» ብያቸው ሴትዮዋ ደነገጡ። ከሁለተኛው በኋላ ግን ተምሬ ነበር። ማንም የእህቴ ልጅ ካለኝ የምመልሰውን ቃል በምላሴ ጫፍ ይዤ ነበር የምዞር።

እትዬ ይታይሽ ጋ ራሴ ነኝ የሄድሁ፣ ያለ ደላላ። ሱቅ ያለቻት ሴት፣ እዚያ ግቢ ጓሮ አንድ ክፍል ባዶ ነው አለችኝ። በሩን አንኳኳሁ። ወፍራም፣ ቀይ፣ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው ሴትዮ ከፈቱልኝ፤ ሃምሳውን አልፈዋል። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ቀበቶዬ ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

«ለላጤ ሴት አላከራይም» አሉኝ።

«ለምን?»

«ለምን ይባላል እንዴ?»

«ካልተባለ በምን ይታወቃል?»

እኔ እምላለሁ፣ ከዚያ በፊት ማንም ለምን ብሏቸው አያውቅም፤ ምክንያቱን ሲፈልጉት ታየኝ። አጡት መሰለኝ ሳቁ። «አፍሽ ምላጭ ነው። ግቢና እይው» አሉ።

ጓሮው ማንጎ ዛፍ ነበረው። ከማንጎው ሥር ሁለት ክፍሎች፣ የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ጣራ፤ ማንጎው ሲበስል ቆርቆሮው ላይ ድው ሲል እንግዳ ሰው ይበረግጋል። በአንዱ ክፍል ሰይድ ነበር፤ የወረታ ልጅ፣ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ፣ ቀልዱ የማያልቅ። ሌላው የእኔ ሆነ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ነው፤ ነፋስ ሲነፍስ እንደ ሆድ ይነፋል፣ ይጎድላል። ካውያ የለም፤ ቆጣሪው የጋራ ነው። እንግዳ ቢመጣ በር ክፍት ይሁን። ውሃ ረቡዕና ቅዳሜ ሲመጣ መጀመሪያ የእሳቸው በርሜል ይሞላል። ይህን ሁሉ እሺ አልሁ። አንድ ነገር ግን ዓይኔን ያዘው። በግድግዳው ታችኛ ክፍል፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ኖራው ሥር ክብ ክብ ነገር ጎበጥ ጎበጥ ይላል። በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ቆርኪ ነው። የለስላሳ ቆርኪ፣ ጭቃው ውስጥ ተደርድሮ ተቀብሯል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«የልጅ ሥራ ነው፤ ተዪው» አሉኝ።

ተዪው ከተባልሁ አልተውም፤ ይህ በሽታዬ ነው።

ከገባሁ ሳምንት ሳይሞላኝ ወሬ መጣ፤ የሚያከራዩትን ለግብር የሚመዘግቡ ሰዎች ሰፈሩን እየዞሩ ነው ተባለ። ያን ዕለት ሰፈሩን ብታዩት! ተከራይ የሚባል ፍጥረት ከምድር ጠፋ። አንዱ የአጎት ልጅ ነው፣ አንዷ የባል እህት ናት፣ ሦስት ወንደላጤ በአንድ ክፍል የሚኖሩት «ለሕክምና የመጡ ዘመዶች» ሆኑ፤ ሦስቱም እንደ በሬ ጤነኛ። እትዬ ይታይሽ እኔንና ሰይድን ማንጎው ሥር ጠሩን።

«ሰይድ፣ አንተ የጡት ልጄ ነህ» አሉት።

«ስንት ዓመቴ ስለሆነ ነው ጡት የሚሰጡኝ?» አላቸው።

«አፍህን ያዝ! የጡት ልጅ ሃይማኖት አይለይም፤ የአባቴም ወግ ነው። አንቺ ደግሞ የእህቴ ልጅ ነሽ። ስምሽ እናኑ። እናትሽ አንጓች፣ የማክሰኝቷ።»

«እኔ ዘርፌ ነኝ» አልሁ።

«ለኔ ዘርፌ ነሽ። ሰፈሩ ግን እናኑ የምትባል የእህት ልጅ እንዳለችኝ ያውቃል። ልጅ ሳለች እዚህ ነበረች፤ አሁን ብታድግ አንቺን ነው የምታህል።»

ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ብሎ ይገባል። እኔ ግን ማክሰኝትን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የማላውቀው አገር ልጅ ሆኜ ሰው ፊት ልቆም ነው። «በየት በኩል ነው? ምን ይበቅላል? እናቴ ምን ትመስላለች? እኔ ለምን እዚህ ኖርሁ?» ብዬ አጣደፍኋቸው። እሳቸውም መጀመሪያ አጭር አጭር ይመልሱ ነበር፤ በኋላ ረዘመ። መዝጋቢዎቹ መጥተው፣ ስሜን እናኑ ብለው ጽፈው፣ እትዬ ይታይሽ ሰይድን የጡት ልጄ ሲሏቸው ቀና ብለው አይተው፣ ሄዱ። የእኔ ጥያቄ ግን አልሄደም። መቼም ሰፈሩ እናኑ ብሎ መጥራት ጀምሯል፤ የሱቋ ሴት ሳይቀር፣ ዘርፌ ብዬ ስሜን የነገርኋት ሴት፣ «ለካ የእትዬ ይታይሽ ሥጋ ነሽ፣ ሸሽገሽኝ ነው?» ብላ ተቀየመችኝ። እድርተኛው ቤት ልቅሶ ሲሆን ከቤተሰብ ጋር ውሃ አመላልስ ነበር። ስሙን ለብሼ ስዞር፣ የስሙን ባለቤት ማወቅ አማረኝ። ምን ዓይነት ልጅ ነች?

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እትዬ ይታይሽ በሐይቁ ዳር መሄድ ይወዱ ነበር። ታንኳ ማገዶ ጭኖ ከደሴቶቹ በኩል ሲመጣ፣ ደንገሉ ውስጥ ልጆች ዓሣ ሲያጠምዱ፣ እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ያወሩኛል። እናኑ አምስት ዓመቷ ሳለ እናቷ ታማ ስለነበር ሁለት ክረምት እሳቸው ጋ ኖራለች። ነጎድጓድ ትፈራለች፤ ሲያጉረመርም «አምላክ ወንበር እየጎተተ ነው» ብለዋት ከዚያ በኋላ በነጎደ ቁጥር ወደ ሰማይ እያየች «አንሥተህ ውሰደው!» ትል ነበር። ጉማሬ ራሱን ሲያወጣ አይታ የአባይ ላም ናት ብላ ወተቷን ጠይቃለች። ጓሮው ሲመረግ ደግሞ ቆርኪ ለቅማ መጥታ፣ ጭቃው ሳይደርቅ አንድ በአንድ እየተጫነች፣ «ለቤቱ ዓይን እየሠራሁለት ነው» አለች። መራጊው ሊያወጣው ሲል አለቀሰች። ተዉላት ተባለ።

«አሁን የት ናት?» አልሁ።

«እናቷ ጋ ናታ፣ ማክሰኝት።»

«አይጠያየቁም?»

ጫማቸውን አጥልቀው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። ሰይድ ነው በኋላ የነገረኝ። አባታቸው ሲሞቱ አንጓች ከማክሰኝት እስክትደርስ አልተጠበቀም። ክረምት ነበር፣ መንገዱ ተበላሽቷል፣ ሬሳው አያድርም ተባለ፤ ተቀበሩ። አንጓች ደርሳ አፈሩን ብቻ አየች። «አባቴን ሳልቀብር የቀበርሽብኝ እህቴ አይደለሽም» ብላ ሄደች፤ እስከዚያ ድረስ አልተመለሰችም። እትዬ ይታይሽም አንድም ቀን አላስጠሯትም። ሁለት ኩሩ ሴቶች፣ መሃላቸው አንድ ሐይቅ።

እኔ ግን ማክሰኝትን እየሠራሁት ነበር። ጭማቂ ቤት የሚገባ የጎንደር መንገድ ሹፌር ሁሉ ይጠየቃል። «ማክሰኝት ምን አለ?» «ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቧራ» ይለኛል አንዱ። «ገበያው ዳር ያለችውን ትልቅ ዋርካ አታውቂያትም?» ይለኛል ሌላው፤ ዋርካ ትኑር አትኑር እስከ ዛሬ አላውቅም፣ እኔ ግን ዋርካዋ ሥር ተጫውቼ አደግሁ። ሰይድ ይስቅብኛል። «አንቺ ሴት፣ መዝጋቢዎቹ እኮ ሄደዋል፤ አሁን ማንን ነው የምትዋሺ?» «ራሴን» አልሁት። እውነቴን ነው። አንድ አገር ሳያዩት በወሬ ምን ያህል እንደሚያድግ ለማየት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ሄድሁ። ነጭ ሽንኩርት በጆንያ ዘርግተው የተቀመጡ ሴትዮ አየሁ፤ አነጋገራቸው የላይ አገር ነው። «ከየት ነው?» አልኋቸው። «ከማክሰኝት።» ደስ አለኝ! የሠራሁትን አገር ልሞክረው ነው። «እኔም የማክሰኝት ልጅ ነኝ» አልሁ።

«የማን?»

«የአንጓች። እናኑ እባላለሁ፤ አክስቴ ጋ ነው የምኖር፣ ሹም አቦ።»

ሴትዮዋ የያዙትን ሽንኩርት አስቀመጡ። «የአንጓች ልጅ? አለሽ?» አሉኝ።

«አለሁ» አልሁ እየሳቅሁ።

«እኔ የገጠር ሰው ነኝ፤ እናትሽን በገበያ ነው የማውቃት። መልክሽን አላውቀውም። እሰይ፣ እሰይ አንቺ ልጅ!» ብለው በሁለት እጃቸው ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ። ነጭ ሽንኩርቱን አፍሰው በቀሚሴ አስያዙኝ፤ ልከፍል ብል እጄን መቱኝ። ማክሰኝቶች ደግ ናቸው ብዬ ሄድሁ። «አለሽ?» ያሉት ነገር መንገድ ላይ ትንሽ ቆረቆረኝ። ሰው ሰላም ሲባባል አለህ፣ አለሽ ይባላል፤ ያ ነው ብዬ ተውሁት። ከማልተወው ነገር ሁሉ እሱን ተውሁ።

አሁን በሹም አቦ ሳልፍ ግቢው የለም። ባለ ፎቅ ቆሞበታል፤ ሥሩ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል፤ ማንጎውን ቆርጠውታል። የሱቋም ሴት ሱቋን ለቅቃለች። መለዋወጫ የሚሸጠውን ልጅ፣ «እዚህ የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ?» ብዬ ብጠይቀው «የትኞቹ?» አለኝ። ስልኬን ግን ብርጭቆውን ቀየረልኝ፤ በአንድ የስልክ ብርጭቆ ዋጋ ያኔ የስንት ወር ኪራይ ይከፈል እንደነበር አልነገርሁትም፤ አያምነኝም።

ባለ ጃንጥላዋ ሴትዮ የመጡት በአንድ ሥራ በሌለኝ ቀን፣ ቀትር ላይ ነው። እትዬ ይታይሽ ውስጥ ናቸው፤ ሰይድ ጨርቁን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ያራግፋል፤ እኔ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብያለሁ። በሩ ተንኳኳ፤ ከፈትሁ። ቀጭን፣ ጠይም፣ የመንገድ አቧራ ቅንድባቸው ላይ ያለ ሴትዮ። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ፌስታል። እየተነፈሱ ነበር፤ ከመናኸሪያ በእግራቸው ሮጠው የመጡ ይመስላሉ።

«እናኑ የምትባል ልጅ እዚህ አለች?» አሉ።

የመዝጋቢዎቹ ጊዜ ድጋሚ የመጣ መሰለኝ። «እኔ ነኝ» አልሁ።

«አንቺ?»

«አዎ፤ የእትዬ ይታይሽ የእህት ልጅ ነኝ።»

«እናትሽ ማን ትባላለች?»

«አንጓች፤ ማክሰኝት ናት የምትኖር» አልሁ፤ ሳልደነቃቀፍ፣ እንደ አቡነ ዘበሰማያት።

ያኔ ነው ጃንጥላውን ተደግፈው ያሉኝ። «እኔ አንቺን መቼ ወለድሁሽ?»

ቁጣ አልነበረውም። ቁጣ ቢሆን እመልስ ነበር። እውነት የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉ፤ ምናልባት ረስቼው ይሆናል፣ አስታውሺኝ የሚሉ። ከኋላዬ የቤቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። እትዬ ይታይሽ ወጡ። ሁለቱ ተያዩ። ሰይድ የያዘውን ጨርቅ እንደዘረጋ ቀረ።

«አንጓች!» አሉ እትዬ ይታይሽ።

«ልጄን አምጪ» አሉ ሴትዮዋ።

«የምን ልጅ?»

«እናኑ አክስቷ ጋ ናት ብለው ነገሩኝ። ገበያ ላይ አየናት፣ ሳምናት አሉኝ። ልጄ አክስቷ ጋ ከሆነች ቂሜን ብቻ ሳይሆን ጭቃም እውጣለሁ ብዬ ነው የመጣሁ። አምጪልኝ።»

እትዬ ይታይሽ ወደ እኔ ዞሩ። «እናኑ ማክሰኝት አይደለችም እንዴ?» አሉ፤ ለእህታቸው ነው የሚሉት፣ የሚያዩት ግን እኔን ነው።

«ሰሊጥ አረም ብላ ከጓደኞቿ ጋር ወደ መተማ ከወረደች ሁለት ክረምት አለፈ። ጓደኞቿ ተመለሱ። እሷ የለችም።»

«ለምን አላስጠራሽኝም?»

«አንቺ አስጠርተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ማንጎው ላይ ወፍ ይንጫጫል። እኔ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና፣ «እኔ ተከራይ ነኝ» አልሁ። «ስሜ ዘርፌ ነው። ከዳንግላ ነኝ። ገበያ ላይ የተሳምሁት እኔ ነኝ።» ጮክ ብዬ ነው የተናገርሁ፤ አጥሩ ወዲያ ሰው ይስማ አይስማ ግድ አላለኝም። በዚያ ሰፈር ተከራይ ነኝ የሚል ሰው ድምፅ ከተሰማ እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።

እማማ አንጓች መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ሰይድ ውሃ አመጣላቸው። ጠጡ። ፌስታላቸው ተከፍቶ ስለነበር ውስጡ አዲስ ጫማ አየሁ፤ ሰማያዊ፣ ዘለበት ያለው፣ የወጣት ጫማ። ብዙ ቆይተው ቀና አሉና፣ «ስለ ልጄ ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«እትዬ ይታይሽ።»

«ምን ብላ?»

«ብዙ። ቆርኪውን፣ ነጎድጓዱን...»

«የምን ቆርኪ?»

ወደ ክፍሌ ወሰድኋቸው። ፍራሼን ገፍቼ ግድግዳውን አሳየኋቸው። በርከክ ብለው ጣታቸውን አሳረፉበት፤ አንዱን፣ ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን። እኔ የማውቀውን ሁሉ አወራሁላቸው። አምላክ ወንበር ሲጎትት፣ የአባይ ላም፣ ለቤቱ ዓይን ሲሠራለት። እሳቸው የወለዷትን ልጅ እኔ ነበርሁ የምነግራቸው፤ እነዚያን ሁለት ክረምቶች ታመው ተኝተው ስለነበር የላቸውም። «ሌላስ?» ይላሉ፤ «ሌላስ?» ባለቀብኝ ጊዜ እንኳ «ሌላስ?» ይሉ ነበር። ስለ ዋርካዋ ልነግራቸው ነበር፤ እሱ የእኔ ውሸት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ዋጥሁት።

«ዳቦዋን ለማንጎው ሥር ጉንዳን ትሰጥ ነበር» አልሁ።

«ለጉንዳን አይደለም» አሉ እትዬ ይታይሽ። በር ላይ ቆመው ነበር፤ መቼ እንደመጡ አላየሁም። «ለኤሊ ነው። አባባ ከሐይቁ ዳር አምጥቶላት ነበር።»

እማማ አንጓች ዞር ሳይሉ፣ «አባባ ኤሊ ይጠላ ነበር» አሉ።

«ይጠላል። ለእሷ ግን አመጣላት።»

«እርጥብ ነው፣ ይሸታል ይል ነበር።»

«እሱንማ እኔ ነኝ የማጥበው የነበርሁ።»

«ኤሊ ይታጠባል?» አሉ እማማ አንጓች። ከዚያ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየሁት ነገር ከሁለቱም መጣ። ሰይድ ከውጭ በእጁ ጠቀሰኝ፤ ወጣሁ። ልብሴ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀርቶ፣ ሲመሽ ነው ያሰጣሁት።

እማማ አንጓች አልተመለሱም፤ ከእህታቸው ጋር ትልቁ ቤት አደሩ፣ ሰነበቱ። ሰይድ ጨርቅ ይዘው ወደ መተማ ለሚወርዱ ነጋዴዎችና ሹፌሮች ሁሉ ቃል አስያዘ፤ እናኑ የምትባል የማክሰኝት ልጅ ካገኛችሁ፣ እናትሽ አክስትሽ ቤት ናት በሏት። «እናቷ ጋ ለመመለስ ብታፍር እንኳ፣ አክስቷን አታፍርም» አሉ እማማ አንጓች፤ እትዬ ይታይሽም «እኔን ማን ያፍራል?» አሉ። እኔን በመንገዴ ሲያገኙኝ ሁለቱም ደህና ነሽ ይሉኛል። የሰፈሩ ሰው ግን አሁንም እናኑ ይለኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ የገባ ስም ቶሎ አይወጣም። እማማ አንጓች ጓሮ ቡና ሲለቅሙ አንድ ሰው ከበር «እናኑ!» ብሎ ሲጠራኝ፣ ቀና ይሉና መልሰው ያቀረቅራሉ። እኔ ወደ በሩ እሄዳለሁ።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ቀበቶዬን ስታጠቅ እትዬ ይታይሽ በሬ ላይ መጡ።

«ዘርፌ» አሉኝ። በዚያ ግቢ በስሜ ሲጠሩኝ ከመዝጋቢዎቹ ቀን ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። «የእህቴ ልጅ ልትመጣ ነው።»

መልሴ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ስንት ላድርግልዎ የሚለው። አፌን ከፈትሁ። ከእሳቸው ኋላ እማማ አንጓች ባልዲ ውስጥ ኖራ በእንጨት ያማስላሉ።

«ወሬ ተገኘ እንዴ?» አልሁ።

«ልትመጣ ነው አልሁሽ።»

«መቼ?»

«እንጃ።» መቀነታቸውን ፈትተው መልሰው አሠሩ። «እናቷ ክፍሉ ይዘጋጅ ብላ ነው። የራሷ ክፍል ነበር። ቸኩለሽ አትውጪ፣ ቤት እስክታገኚ።»

ቤት እስካገኝ አልጠበቅሁም። የጭማቂ ቤት ጓደኛዬ ጋ ለጊዜው ልገባ ተነጋገርሁ፤ በማግስቱ ዕቃዬን ሰብስቤ ባጃጅ ጠራሁ። ዕቃው ምን አለው? ፍራሽ፣ ሳፋ፣ አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ድስት። ፍራሹን በአንድ በኩል ሰይድ ሊይዝልኝ ሲመጣ እማማ አንጓች ቀደሙት። እሳቸው በፊት፣ እኔ በኋላ፣ ማንጎው ሥር አልፈን አወጣነው። ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ገብተው በቢላ ጀርባ ቆርኪዎቹ ላይ ያለውን አሮጌ ኖራ እየፋቁ አገኘኋቸው። ኖራው እየወደቀ፣ ከሥሩ ቀዩም ቢጫውም ይወጣል። ሰማያዊው ጫማ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፣ አፉ ወደ ውስጥ።

ቁልፉን ለእትዬ ይታይሽ ዘረጋሁ። «ለእሷ ስጫት» አሉኝ። ለእማማ አንጓች ሰጠኋቸው።

ሰይድ ሻንጣዬን ባጃጁ ላይ እያሰረ «የጡት ወንድምሽን አትርሺ» አለኝ። ሳፋውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ሹፌሩ ያንኑ የዓይን ዘፈን ከፍቶታል። የሱቋ ሴት በመስኮቷ አንገቷን አወጣች።

«እናኑ! ሄድሽ?»

እማማ አንጓች ቁልፉን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ሄድሁ» አልኋት።